ዝናብ የመታው ማዘርቦርድ

ውብአየሁ እንጅባራ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፈው እሱ ዘንድ ነው። አንድ ዱካ ለእኔ ብሎ አስቀምጧል፤ ደንበኛ ቢቀመጥበት እንኳ ስመጣ ያስነሣዋል።

ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው በአባቱ ቤት የነበረችውን አንዲት ራዲዮ ፈታትና መልሶ መግጠም ሲያቅተው አዘና ከተማ ካለው አጎቱ ዘንድ ሸሽቶ ሳምንት ተደበቀ። «አባቴ የተቆጣው በመፍታቴ አልነበረም» ይላል፤ «በመሸሼ ነው። የፈታ ሰው ቁጭ ብሎ ይግጠም አለኝ።» ያቺ ቃል መተዳደሪያው ሆነች። መከራውም ሆነች፤ ይህን ግን ያየሁት በኋላ ነው።

ሊያገባ የነበረው ሀይማኖት የምትባለውን ልጅ ነበር። ሀይማኖት ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከእናቷ ቤት ጋር በምትያያዝ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ትጽፍ ነበር። ከአዘና፣ ከግምጃ ቤት ከተማ፣ በእግሩም በጋሪም የሚመጣው ገበሬ ጉዳዩን በአገውኛ ያወራል፣ እሷ በአማርኛ ትተይባለች። «ባጭሩ ንገረኝ አባቴ፤ ዳኛው እንደኔ ታጋሽ አይደለም» ስትላቸው ተከሳሽም ከሳሽም አብረው ይስቃሉ። ማሽኑን ውብአየሁ ነበር የሠራላት፤ በሐራጅ ከተሸጠ የመሥሪያ ቤት ውራጅ ለቃቅሞ። ያን ጊዜም ያረጀ ነበር። እስኪከፈት ድንች ይበስላል ይባልለት ነበር።

ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ስትጫነው አንዲት አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ጢት። ማሽን ሲነሣ በመጀመሪያ ራሱን እንደሚመረምርና ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ እንደሚል ውብአየሁ ነግሮኛል። «ደህና አደርኩ ማለቱ ነው፣ መምህር።» የሀይማኖት እናት እማማ ስሜነሽ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ዓመታት አልፈው ነበር። ልጃቸው ሥራ መጀመሯን የሚያውቁት ግድግዳውን አልፋ በምትመጣው በዚያች ድምፅ ነው።

በነሐሴ 2005 ሀይማኖት አሥራ አንድ ቀን በጉበት ታመመችና ሞተች። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

በአገራችን የተከበረ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጠመንጃውና ልብሱ ለቅሶ ሜዳ ይወጣል፤ አልቃሹም እሱን እያየ ይዞራል። ሴት ስትሆን ቀሚሷና ጌጧ ይወጣል። የሀይማኖት ቀሚስ ሲወጣ ግን ከአዘና የመጡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«መሬቴን ያስመለሰችልኝ በቀሚስ ነው እንዴ?» አሉ። «የእሷ ጠመንጃ ያ ማሽን ነው። ይውጣ!»

ሜዳው በሙሉ «ይውጣ! ይውጣ!» አለ። ውብአየሁ ሄዶ ከጠረጴዛው ነቅሎ አመጣው። በተሸለመ ፈረስ ኮርቻ ላይ ጫኑት፤ እሱ በአንድ እጁ ደግፎት መዞር ጀመሩ። ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርሱ የነሐሴ ዝናብ ወረደ። ለቅሶ ላይ ዝናብ ሸሽቶ መጠለል ነውር ነው፤ የሟችን ዕቃ ከሕዝብ ዓይን መሸፈንም እንዲሁ። ውኃው በሳጥኑ ጎን ባሉት ቀዳዳዎች ሲገባ አየሁ። ውብአየሁም አየ። ጋቢውን የጣለበት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጋቢ ለብሼ ነበር።

በሣልስቱ ማግስት እማማ ስሜነሽ አስጠሩት። ይህን የነገረኝ ከወራት በኋላ ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ አብራልኝ ልጄ። ድምፁን ልስማ» አሉት።

ውኃ የገባበት ማሽን ተፈትቶ በደንብ ሳይደርቅ መብራት እንደማይነካው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለደንበኞቹ በካርቶን ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ሆኖም ልጇን በቀደም ለቀበረች እናት «ሳምንት ጠብቂ» ማለት አቃተው። ሰካው፤ ተጫነው። አንድ ነገር ጠሽ አለ፤ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ከዚያ በኋላ ምንም።

«ምነው?» አሉ እማማ።

«ብርዱ ነው እማማ። ወስጄ አየዋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ያ ሳጥን ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል መጣና አንድ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ከረመ።

ሀርድ ዲስኩ ተርፎ ነበር። ውብአየሁ በመጀመሪያው ሳምንት አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ገጠመውና ማመልከቻዎቹን በሙሉ አገኛቸው። ደስ ብሎት ሮጦ ለእማማ ነገራቸው። እማማ ግን ሰሙትና «ወረቀቷን እኔ ምን ላድርገው? ማንበብ አልችል» አሉት። «እኔ የጠየቅሁህ ጠዋት ጠዋት የምሰማውን ነው። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ አንድ ቀን ካሰማኸኝ ይበቃኛል።»

እነሆ ከሟች ንብረት ሁሉ አንዲት ጢት ብቻ ተፈለገች። እሷም ጠፋች።

ከየት ያልጀመረበት አለ! በመጀመሪያ መብራት የሚያስገባለትን ፓወር ሰፕላይ ለብቻው አውጥቶ፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ አገናኝቶ አስነሣው፤ ማራገቢያው ዞረ፤ በቴስተር ለካው፤ ደህና ነው። ቀጥሎ ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጠበ። የራሙን እግር በላጲስ ፈተገ። ያበጡትን ካፓሲተሮች በብየዳ ካውያ አንሥቶ ከሌላ አሮጌ ቦርድ ባወጣቸው ተካቸው። አዲስ ባትሪ አደረገለት። በየመካከሉ ቁልፉን ይጫናል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ይደግናል። እኔም ጋዜጣዬን አወርዳለሁ።

የባጃጅ ሾፌሩ ምንይችል የስልኩን ባትሪ ሊሞላ ሲመጣ ሁልጊዜ ያሾፍበታል።

«አያ ውብአየሁ፣ ይሄ ሽማግሌ ዛሬም አልተነሣም? ጠበል ውሰደው እንጂ!»

«ያንተ ባጃጅ መጀመሪያ ትጠመቅ። ከሩቅ ነው የምትጮኸው፣ ጋኔን እንዳለባት።»

«እሷስ ትጮኻለች! ያንተው ነው መናገር ያቃተው።»

ውብአየሁ ሳቀ። ምንይችል ሲወጣ ግን ካውያውን አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ቁጭ አለ።

አንድ ቀን ራሙን ጨርሶ ነቅሎ አወጣና ያለ እሱ ቁልፉን ተጫነው። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ራም ማለት ማስታወሻው ነው፣ መምህር። ማስታወሻውን ስትነጥቀው ጤነኛ ቦርድ ዝም አይልም። ረጅም፣ ረጅም እያደረገ ይጮኻል። ከጮኸ ገና አለ ማለት ነው።»

ጠበቅን። የወፍጮው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ውብአየሁ እጁን ከቁልፉ ሳያነሣ፣ ሣልስቱ ማግስት ያደረገውን ያኔ ነገረኝ። እየነገረኝ ፊቱን ወደ ቦርዱ እንዳደረገ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ምክንያትና ውጤት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ብዙም አስተምሬአለሁ። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ምክንያት ሲፈልግ ያየሁት ግን ያን ዓመት ነው። ዝናብና መብራት ተገናኝተው ቦርዱን እንደበሉት ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። ምርመራው ንስሐ ነበር። ክፋቱ፣ ንስሐ ማብቂያውን የሚነግር ካህን ይፈልጋል፤ ውብአየሁ ደግሞ ለካህን አልተናዘዘም። ለእኔ ተናዘዘ፤ እኔም ካህን አይደለሁም። እንዲያውም የከፋ ነገር መከርኩት።

ሐምሌ ሲገባ ከዳንግላ ወሬ መጣ። ፎቶኮፒ ቤት ያለው ውዱ የሚባል ጓደኛው፣ ከአሮጌ ዕቃው መካከል ልክ የሀይማኖትን ቦርድ የመሰለ፣ የሚሠራ ማዘርቦርድ አግኝቷል። ውብአየሁ በሚኒባስ ሄዶ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣው። ከሀይማኖት ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ተጫነው። ጢት አለ።

ዓመት ሙሉ ሳልሰማው ከርሜ ሲሰማ ከዱካዬ ተነሣሁ።

«አሁን ምን ልበላቸው?» አለኝ።

«ምንም አትበል።»

«የእሷ አይደለም እኮ።»

«ድምፁ አንድ ነው» አልኩት። «እሳቸው የፈለጉት ድምፁን ነው። አሮጊቷን በእውነት ስም ለምን ታስለቅሳለህ?»

አየኝና «እርስዎ ካሉ» አለ። እኔ ስላልኩ አደረገው። ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪ ስለ እውነት ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

ሙት ዓመቷ አምስት ቀን ሲቀረው ሳጥኑን በምንይችል ባጃጅ ጭነን ሄድን። ምንይችል መንገዱን ሁሉ አንዲት ቀልድ አልወጣውም። ውብአየሁ ማሽኑን በሀይማኖት ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ በቀድሞው ቦታ አስቀመጠው። እማማ ስሜነሽ ከግድግዳው ወዲያ መደቡ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ።

«ዝግጁ ነዎት እማማ?»

«አንተ ብቻ ዝግጁ ሁን» አሉ እየሳቁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንግዳ እንደሚመጣባቸው።

ተጫነው። ጢት።

እማማ ስሜነሽ ብድግ አሉ። ዓይን እንዳለው ሰው ቀጥ ብለው ወደ ጓዳ ተራመዱ፤ እየተራመዱም ጮክ ብለው በአገውኛ «ሀይማኖት! ሳትበይ እንዳትጀምሪ! መጣሁ!» አሉ። አገውኛ የምሰማው በጥቂቱ ነው፤ ይቺን ለመስማት ግን ትንሹ በቃኝ። የሞሰቡን ክዳን አነሡ። እንጀራውን ቆረሱ። እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

ከክፍሉ የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ይንሾካሾካል።

«አጥፋው» አሉ።

አጠፋው። መጥቶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እማማ፣ ይሄ የእሷ አይደለም። ከዳንግላ ያመጣሁት ነው። የእሷን እኔ ነኝ የገደልኩት። ሳይደርቅ መብራት ሰጥቼ፣ እያወቅሁ።»

«መቼ?»

«አብራልኝ ያሉኝ ቀን።»

እንጀራውን ወደ ሞሰቡ መለሱና ክዳኑን ቀስ ብለው ገጠሙ። እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ፈልገው አገኙት።

«ልጄ የሞተችው በጉበት ነው» አሉት። «አንተ የገደልከው ዕቃ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሁለቱን እያቀላቀልክ ኖርክ?»

ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ደገፈ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ። እሷን አብራልኝ ማለቴ ነበር። አንተ ከየት ታመጣታለህ?» እጃቸውን ከራሱ ላይ አነሡ። «በል ውሰደው። ድምፁን መልሰህ አታሰማኝ፤ ሁለተኛ አልችለውም። ለሙት ዓመቷ ባዶ እጅህን ና። ከዚያ በኋላ ትዳር ፈልግ። እኔ አማትህ አልሆንኩም ልጄ፤ ቀረ።»

ስንወጣ በሩ ላይ እኔን በስም ጠሩኝ። መኖሬን አውቀው ኖሯል። «መምህር፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?» አሉኝ። አዎን አልኳቸው። «እርስዎ እንኳ ትልቅ ሰው ነዎት» ብለው በሩን ዘጉ። ብዙ ተወቅሼ አውቃለሁ፤ እንደዚያች ያለ ገብታ የቀረች የለችም።

ውብአየሁ በማግስቱ የዳንግላውን ቦርድ ፈትቶ ለውዱ መለሰ። የሀይማኖትን ግን ወደ ሳጥኑ አልመለሰውም፤ አልጣለውምም። መስኮቱ ላይ አቁሞት ከረመ። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ብሎ ቁልፍ ሲጫን አላየሁትም። ትዳርም አልፈለገም። ስለ ሀይማኖትም ስለ ማሽኑም አያነሣም፤ ሰው ቢጠይቀው «እምቢ ብሎኛል» ብቻ ይላል።

በ2007 ኅዳር ውስጥ፣ ሸጋ የምትባል የትምህርት ቤት ጸሐፊ ከግምጃ ቤት ከተማ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በጋሪ ጭና፣ ከዚያ በሚኒባስ አድርጋ መጣች። ማሽኑ ይነሣል፤ ግን ወዲያው ይሞቅና ይጠፋል። የተማሪ ውጤት ያለው እሱ ላይ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ እስከ ነገ ብሏታል። ውብአየሁ ከፈተው። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ተቃጥሏል። እንዲህ ያለ አሮጌ ማራገቢያ ገበያ ላይ የለም፤ ባሕር ዳር ቢሄዱም አይገኝም።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል ወንድም ዓለም?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ወደ መስኮቱ አየ። እኔ ጋዜጣዬን ገለጥኩ፤ ላነብ ግን አልቻልኩም። ተነሣና የሀይማኖትን ቦርድ አወረደ፤ በእጅጌው አቧራውን ጠረገ። በላዩ የቀረውን ማራገቢያ የያዙትን አራት መቆለፊያዎች አንድ በአንድ ፈታ። አራተኛው አስቸገረው፤ ሁለቴ አመለጠው። አውጥቶ የሸጋ ማሽን ላይ ገጠመውና ሰካው፤ ዞረ።

ሸጋ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እንደ አዲስ እኮ ነው! ከየት አገኘኸው?»

ውብአየሁ ሽቦውን በፕላስተር እያሰረ ነበር። ቀና አላለም።

«ከሞተ ነው» አላት።