ከአሥራ ሁለቱም መደብ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጀግና የለበትም፤ ያለው አንድ በሬ፣ አሥራ ሁለት ቤተሰብና ሁሉንም ለማስደሰት የሚጣጣር አንድ ተማሪ ነው። ተማሪው እኔ ነኝ።

በእንስሳት ሕክምናና በኅብረተሰብ ጤና ለሁለተኛ ዲግሪ የምማር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ላሊበላ የተላክሁት ከጥሬ ሥጋ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የኮሶ ትል እንዳጠና ነው። ናሙና ይዤ ካልተመለስኩ ዓመቱን እንደምደግም አስተማሪዬ አስረግጠው ነግረውኛል። የደረስኩት ግን ሁዳዴ ሲያዝ ነው። በጾም ማን ያርዳል? ከነቢላዬ፣ ከነጠርሙሶቼና ማህተም ካረፈበት የቀበሌ ደብዳቤዬ ጋር ሁለት ወር ያህል ቁጭ አልኩ።

የፋሲካ ለት ማለዳ ጎረቤቶቼ ቅርጫ ወዳረዱበት ግቢ ሄድኩ። የሚያከፋፍሉት አንድ ሸምገል ያሉ መሪጌታ ናቸው። ሥጋው ቅጠል ላይ በአሥራ ሁለት መደብ ተደልድሎ ዕጣ ሊጣል ነው። ደብዳቤዬን በሁለት እጄ አቀረብኩ። ማህተሙን አዩና መለሱልኝ።

«በሬው ታሟል አሉህ ልጄ?»

«የለም መሪጌታ፤ የኮሶ ትል ይኖርበት እንደሆነ ለማየት ነው።»

«ኮሶማ የኛው ነው! በየሁለት ወሩ መድኃኒቱን እንጠጣለን፣ ይወጣል። ለዚህ ብለህ ነው ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥከው?»

ግቢው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዓይኔ ግን ጫፍ ላይ ካለው መደብ አልተነቀለም፤ ከወርቹ ሥጋ መካከል የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ ከረጢት አይቻለሁ። የትሉ ዘር እሷ ናት። ጎንበስ አልኩና ጥፍር የምታህል ቁራጭ ከነከረጢቷ በቢላዬ ቆርጬ አነሳሁ።

ሳቁ ቀጥ አለ።

«ምን አደረግህ?» አሉ መሪጌታ። «ያ መደብ ጎደለ እኮ!»

«ይችን ታህላለች መሪጌታ...»

«ይችንስ ብታህል? ያ ዕጣ የሚደርሰው ሰው ምን በወጣው? ከአንዱ ከቆረጥህ ከሁሉም ትቆርጣለህ!»

«እውነታቸውን ነው!» አሉ አንዲት ባልቴት። «ጫፉ ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚወጣው!»

ሁለት ወር ስጠብቀው የከረምኩትን ናሙና አሁን በቁጣ አስቆረጡኝ። መሪጌታ አጠገቤ ቆመው «ያቺ ወፈረች፣ ቀንሳት» ይሉኛል። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሞላሁ። ደስታዬን ለመደበቅ አቀርቅሬ፣ ሥጋውን አብስለው ቢበሉ እንደሚሻል መከርኳቸው።

«በፋሲካ?» አሉ መሪጌታ። «ጎመኑ ገና አልወጣልህም እንዴ? ይልቅ ከሁላችንም ወስደሃል፣ ከሁላችንም ትቀምሳለህ። ሥጋችንን ተጸይፎ ሄደ ካልን ግን ጠርሙሶችህ እዚሁ ይቀራሉ።»

ዕጣው ወጣ፤ ጫፉ እውነትም ለባልቴቷ ደረሰ። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጉርሻ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ተቀበልኩ። የባልቴቷ ጉርሻ ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። «እየው ሲጣፍጠው!» አሉ።

ተመልሼ ጽሑፌን በኩራት አስረከብኩ። አስተማሪዬ በቀይ ቀለም እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «ከአንድ በሬ የተወሰደ አሥራ ሁለት ናሙና አንድ ናሙና ነው። ደግሞስ ወደ ሰው መተላለፉን በምን አሳየህ?»

አንገቴን እንደደፋሁ ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ሆዴ ይንጫጫ ጀመር። የራሴን ሰገራ በአጉሊ መነጽር መረመርኩና ውጤቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ የበሽተኛው ስም በሚለው ቦታ ስሜን ጽፌ አቀረብኩ። አስተማሪዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ቀና ብለው አዩኝ፤ ወንበራቸውንም ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ።

«አልፈሃል» አሉ። «አሁን ሂድና ታከም።»

ትሉ ከነራሱ የወጣው ሐምሌ 22 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው።