ኩይሳው ላይ የሚጠራው ስልክ

ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ሲሻገር እናቴ አደራውን የጣለችው በእኔ ላይ ነው። ያኔ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ገበያ ውስጥ በጄኔሬተር የሠራተኞችን ሞባይል ቻርጅ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ደወለና «አተኮሰኝ፣ መቆም አቃተኝ» ብሎ ተቋረጠ። የት እንዳለ እንኳ አልነገረኝም። መልሼ ብደውል ይጠራል፣ አይነሳም።

ከድንበሩ ራቅ ወዳለው ቁረይሻ እሄዳለሁ ብሎን ስለነበር ባለቤቴ ሁለት ቀን እርሻ ለእርሻ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔ ገዳሪፍ ስልክ መሥሪያ ቤት ሄጄ ከየት እንደሚጠራ እንዲያዩልኝ ለመንኩ። ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ቁጥሩ የሐበሻ ነው፤ በእናንተ ኔትወርክ እንጂ እኛ ጋ አይታይም» አለኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ግን ቃሉ አልለቀቀኝም። የእኛ ኔትወርክ ቁረይሻ አይደርስም! እዚያ ቢሆን ኖሮ ያቺ በቴፕ የምትናገረው ሴትዮ «ማግኘት አይቻልም» ትለኝ ነበር። ይኸው ግን ይጠራል፤ ከድንበሩ አልራቀም ማለት ነው። ባለቤቴ የለፋው በከንቱ ነው።

ዓርብ ስልክ ሊያስሞሉ የመጡትን ሠራተኞች አንድ በአንድ ያዝኳቸው። «የአገር ቤት ቁጥር የት ይሠራል?» ብዙዎቹ ሳቁብኝ። አንዱ ግን «እኛ ጋስ የለም እትዬ። ድንበሩ ጉብታ ሥር ካለው እርሻ ግን ትልቅ ኩይሳ አለ፤ ሰዉ ስልኩን በፌስታል አድርጎ እዚያ ችካል ላይ ሰቅሎ ይውላል፤ ሲጠራ ሮጦ ያነሳል» አለኝ።

በነጋታው በትራክተር ሄድን፤ ባለቤቴ አኩርፎ ተከተለኝ። ኩይሳው ሲታየኝ ደወልኩ። ከፌስታሎቹ አንዱ ጮኸ! እኔም አብሬው ጮህኩ።

«የማን ነው?»

«የዚያ የታመመው» አሉ አጫጆቹ። የሰው ስልክ ማንሳት ነውር ነው ብለው ስንት ቀን ሙሉ ሲጠራ ዝም ብለው ሰምተውታል። በጥፊ ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

ወንድሜ ሣር ዳስ ውስጥ ተጋድሞ ነበር፤ ወባው ሰውነቱን ጨርሶታል፣ ግን አወቀኝ። ሐኪም ቤት አድርሰነው በሳምንቱ ቆሞ ሄደ። ለእኔ ግን የዳነው እዚያው ኩይሳ ላይ ነው። ያን ዕለት ባለቤቴ ኩርፊያውን ረስቶ አዝሎ ጫፉ ላይ አወጣው፤ እኔ በራሱ ስልክ ለእናታችን ደወልኩ።

ቁጥሩን አይታ ኖሯል። «ልጄ! አንተ ነህ?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ» አላት ወንድሜ።

የእናቴ እልልታ ታች ለቆሙት አጫጆች ሁሉ ተሰማ።