ሳህኔን መልሺልኝ

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። የደም ምርመራዬን ውጤት አየና «ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ደርሷል፤ አመጋገብዎን ያስተካክሉ» አለኝ። «እንዴት አድርጌ?» ብዬ ሳልጨርስ ነርሷ በሩን ከፍታ ቀጣዩን ተረኛ ጠራች። ከአምስት ኪሎ ፒያሳ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ የማስበው እሱኑ ነበር። ማስተካከል ማለት ምን ማለት ነው?

የምሠራው ወርቅ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ ለሙሽሮች ቀለበት እለካለሁ። ጠዋት ስኳሩ በዛ ያለ ማኪያቶ እጠጣለሁ፤ ለደንበኛ ሻይና ኬክ ሲታዘዝ ደግሞ የእኔም አብሮ ይመጣል። እንዲህ እያልኩ አርባዎቹን አጋመስኩ። እናታችንን የወሰዳት ስኳር ስለሆነ የሐኪሙ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት። እሷም ስልኳን አውጥታ አንድ ጡንቻው የፈረጠመ ሰውዬ አሳየችኝ። ሰውዬው እንጀራ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «መርዝ! መርዝ!» ይላል። «ሥጋና እንቁላል ብቻ ብዪ፤ ስቡን አትፍሪ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራን ተሰናበትኩ። ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ጥብስ ያለ ምንም። ትንሽ እንደቆየሁ የእንቁላል ሽታ ገና ከሩቁ ያቅለሸልሸኝ ጀመር።

ታናሽ እህቴ ይህን ስትሰማ ጮኸች። «ሥጋ ነው የሚገድልሽ! ፍራፍሬ ብቻ ብዪ፤ ጠዋት በባዶ ሆድሽ የሎሚ ውሃ ጠጪ።» ጾሙም እየገባ ስለነበር እሺ አልኳት። እንቁላሉን ትቼ ወደ ፓፓያ ዞርኩ። እሷ ራሷ ደግሞ ከፀጉር ቤት የገዛችውን የማቅጠኛ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ያ ሻይ ያደረገኝን አልተርክም፤ የወርቅ ቤቱን መጸዳጃ ቤት ቁልፍ በኪሴ ይዤ እውል እንደነበር ብቻ ልናገር።

አንድ ጠዋት ለአንዲት ሙሽራ ቀለበት ሳጠልቅላት ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ፤ የሙሽራዋ እናት በነጠላቸው ጫፍ ያራግቡልኛል።

«ልጄ፣ ቁርስ ምን በላሽ?»

«የሎሚ ውሃ።»

«እሱ ይበላል?»

ባልደረባዬ ከባንኮኒው ማዶ ሆና «አይዞሽ፣ መርዙ እየወጣ ነው» አለችኝ። ያኔ ደሜ ፈላ። እየወጣ ያለው መርዝ ሳይሆን ነፍሴ ነበር። ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩና ከጎን ካለው ምግብ ቤት ሽሮ በእንጀራ አስመጣሁ። እዚያው ባንኮኒው ላይ፣ ሁሉም እያየኝ በላሁ።

ጾሙ እንደተፈታ እህቴ ልጇን ክርስትና አስነሳች። ቤቱ በዘመድ ጢም ብሏል። እኔ ሳህን አነሳሁና አንድ ቁራጭ እንጀራ፣ ጎመን፣ አይብ፣ ጥቂት ዶሮ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ጉርሻ እንኳ ሳልጎርስ እህቴ መጥታ ሳህኑን ከእጄ ወሰደችው።

«ለእሷ ሰላጣ ለብቻ ሠርቼላታለሁ፤ ስኳር አለባት» አለች፣ ለእንግዳው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ።

ቤቱ ባንዴ ሐኪም ሞላ። አንዱ አጎታችን አብሽ ጠዋት ጠዋት ይሻላል አሉ። አንዷ ድንች እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። ሌላው «ማር ግን ተፈጥሮ ስለሆነ ችግር የለውም» አለ። እኔ እዚያው ተቀምጬ በእኔ ሆድ ላይ ስብሰባ ተጠራ።

«ሳህኔን መልሺልኝ» አልኳት።

«ለራስሽ ብዬ ነው።»

«ለራሴ ከሆነ ራሴ አለሁ። መልሺልኝ።»

 እህቴ ሳህኑን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «እማዬን እንዳጣኋት አንቺን ማጣት አልችልም» አለች። አንጀቴን በላችው፤ እሷን ሳቅፋት ግን እጄን ወደ ሳህኑ ሰድጄ ነበር። ወሰድኩት። ቀስ ብዬ፣ እያጣጣምኩ በላሁ። ስጨርስ ማንም ተዪ ሳይለኝ በቃኝ ብዬ እጄን ታጠብኩ። እህቴ ግን እስክወጣ ድረስ አላናገረችኝም።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ ፊት ቁጭ አልኩ። ነርሷ እንደ ልማዷ በሩን ስትከፍት «ቀጣዩ ይቆይ፤ ሳይነገረኝ አልነሳም» አልኳት። ሐኪሙ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እሺ፣ ይጠይቁኝ።»

«እንጀራ መርዝ ነው?»

«ኧረ! ማነው እንደዚያ ያለዎት?»

«ሁሉም።»

ሳቀና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። መጀመሪያ ስኳር ያለበትን ማኪያቶ፣ ሻይ፣ ለስላሳና ኬክ እንድተው ነገረኝ። እንጀራውን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨመር። የማቅጠኛው ሻይ ከፀጉር ቤት የመጣ ነው ስለው ፊቱን አጨማደደ፤ ይጣሉት አላለኝም፣ በእጁ ብቻ ወደ ቆሻሻ መጣያው አመለከተ። ከዚያ «በእግርዎ ይሂዱ» አለ። ነርሷም በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

አሁን ከቤቴ፣ ከአራት ኪሎ፣ ወደ ፒያሳ ሥራዬ በእግሬ ነው የምሄደው። ወያላው «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጠራኛል፤ አልዞርም። ስኳር የሌለው ማኪያቶ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት መድኃኒት ብሎኛል፤ አሁንም አልወደድኩትም፣ እጠጣዋለሁ እንጂ። ቀሚሴም አልሰፋኝም። ባልደረባዬ በየሳምንቱ አዲስ ሰውዬ ከስልኳ ታወጣለች። ያኛው እንቁላል ያወድስ ነበር፤ የሰሞኑ ደግሞ እንቁላል አትንኩ ይላል። «ሁለቱን አስታርቂያቸውና ንገሪኝ» አልኳት።

ባለፈው ምርመራዬ ስኳሬ ትንሽ ወርዷል። ሐኪሙ «በዚሁ ይቀጥሉ» አለኝ። ከግቢው ሳልወጣ ለእህቴ ደወልኩላት። ስነግራት እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራርጋ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ እንጀራውን ትተሽ ነው አይደል?»

«እየበላሁ ነው» አልኳት። «አሁንም ምሳዬን ልበላ እየሄድኩ ነው። ነይና አብረን እንብላ።»

መጣች። ሰላጣ አላዘዘችልኝም።