አርብ ከሰዓት ከጎጎ ኖምሳ ጋር

ትናንት ሜይፌር ሰፈር ባለው ሱቄ አንዲት ደንበኛ የገዛችውን፣ ለቁርጥማት የሚቀባ የካምፎር ክሬም ከፍታ ስታሸተው፣ ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ እኔም ጋ ደረሰና የያዝኩትን ዕቃ እንደያዝኩ ቆምኩ። ይህ ሽታ ሲመጣብኝ መቀመጥም መቆምም ያቅተኛል።

በልጅነቴ የተማርኩበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት አርብ ከሰዓት አያስተምርም ነበር። መዝሙሩ እንዳበቃ፣ አጭርና ፈጣን መነኩሲት የነበሩት ሲስተር አግነስ «ጸሎታችሁን አሁን በእጃችሁ ጨርሱት» ይሉና ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ በሰልፍ ይወስዱናል። ከሆሳዕና ከተማ የመጣችው ጴንጤ እናቴ የካቶሊኮቹ መቁጠሪያ ሲያስጨንቃት ከርሞ፣ የምንሠራው አረጋውያንን ማጠብ መሆኑን ስትሰማ «እሱስ የጌታ ሥራ ነው» ብላ ለቀቀችኝ።

ለእኔ የደረሱኝ ዓይነ ስውሯ ጎጎ ኖምሳ ነበሩ፤ ጎጎ እዚህ አገር፣ በዙሉ ቋንቋ፣ አያት ማለት ነው። እግራቸውን አጥቤ ካምፎር እቀባቸዋለሁ። ዙሉ የለመድኩት ካትሌሆንግ በሚባለው ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች መንደር፣ ካለው የአባቴ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ባንኮኒ ኋላ ስለነበር፣ የመጀመሪያ ቀን ሰላም ካልኳቸው በኋላ የመጣልኝ ቃል «ምን ልስጥዎት?» የሚል ብቻ ሆነ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና «ዳቦና የስልክ ካርድ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ባለሱቋ» ሆኖ ቀረ፤ ክፍል ውስጥ አርፌ መቀመጥ የማላውቀው ልጅ እሳቸው ዘንድ ስደርስ እረጋ ነበር።

ከዚያ ሎኬሽኑ በውጭ አገር ባለሱቆች ላይ ተነሳ። የአባቴን ሱቅ ሰብረው ባዶ አስቀሩት፤ እሱም በጓሮ አጥር ዘሎ፣ አንድ እግሩ ባዶ፣ እጁ ተሰንጥቆ ቤት ገባ። አንድ ቃል ሳይናገር ተቀመጠ፤ እናቴ ደግሞ ሻንጣ ስትሸክፍና መልሳ ስትፈታ ሰነበተች። አርብ ሲደርስ ለሲስተር መጦሪያው እንደማልሄድ ነገርኳቸው።

«አላስገድድሽም፣ ልጄ» አሉ። «ግን ጎጎ ከጠዋት ጀምረው እየጠየቁሽ ነው። ራስሽ ንገሪያቸው።»

ልነግራቸው ሄድኩ። ኮቴዬን አውቀው ቀና አሉ፤ ወሬውን በሬዲዮ ሰምተዋል።

«አባትሽስ?»

«ተርፏል። ሱቁ ግን የለም።»

እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን እስከ አገጬ ዳሰሱት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የልጅ ልጆቼ እዚያው ካትሌሆንግ ናቸው። እጃቸው ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። የሉበትም ብዬ ልምልልሽ አልችልም» አሉ። እግራቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሰብስበው አስቀሩት።

መሮጥ አማረኝ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። በመጨረሻ ሳፋውን ስቤ እግራቸውን ራሴ አወጣሁት። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ማንንም ይቅር አላልኩም ነበር፤ እግራቸው ግን በረዶ ነበር። ከወትሮው አጥብቄ ሳሻቸው አንዴም ሳያማርሩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

በዚያው ምሽት የክፍል ጓደኞቼ እናቶች ዱቄትና ብርድ ልብስ ተሸክመው ቤታችን መጡ። አንዲቱ በሶቶ ቋንቋ፣ እናቴ በሃዲይኛ ጮክ ብለው ጸለዩ፤ ሳይግባቡ አሜን ላይ ተገናኙ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ያኔ ነው፤ «ወንበር ስጧቸው እንጂ» አለ።

ጎጎ ያረፉት ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ የሰማሁት ከተቀበሩ ወዲያ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ዛሬም አርብ አርብ ወደ መጦሪያው ይሰለፋሉ አሉ። አባቴ ሜይፌር ላይ እንደገና ከፍቶ ሱቁን አወረሰኝ፤ እኔም በብረት ፍርግርግ አሳልፌ እሸጣለሁ፣ የደንበኞቼን እጅ እንጂ ስማቸውን አላውቅም። ሱቁ ተመልሷል። እየፈራች ሰው አጠገብ መቀመጥ የምትችለው ልጅ ግን አልተመለሰችም።