ካስ ሁለት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አዲስ የገዛውን የኮምፒውተር ራም ከነማሸጊያው ይዞ ወጥ ቤት ድረስ መጣና አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። «እማዬ፣ ይቺ ካስ የምትባለው ቁጥር ብታንስ ነው ብትበዛ የሚሻለው?» አለኝ። የጠየቀኝ ለጨዋታ ነው እንጂ እናቱ ታውቃለች ብሎ አይደለም። «ብታንስ» አልኩት። ቀጥዬ ደግሞ «ግን እንዳትነካት! ሰምተሃል? እንዳትነካት!» ብዬ ጮኽኩ፤ በራሴ ድምፅ እኔው ደነገጥኩ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዓይኔ ድሮም በሽንኩርቱ አልቅሶ ስለነበር ሌላ ማብራሪያ አልተጠየቅኩም።

ነገሩ የወንድሜ የሳምሶን ነው፤ እኔ መብራት ያዥ ነበርኩ። ሳሚ ሐዋሳ ውስጥ ሰርግ ይቀርጽ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ሥራ ፈት ስለነበርኩ፣ ያንን ፊት የሚለበልብ የቪዲዮ መብራት ተሸክሜ ከኋላ ከኋላው እከተለዋለሁ። ሚሌኒየሙ ያለፈ ሰሞን ነው፤ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት፣ ባጃጅ ብስክሌቶቻችንን ከአስፋልቱ መግፋት የጀመረበት ጊዜ። ቤታችን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነበር። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ፣ ሐይቁን ካየ በኋላ መመለስ የረሳ ሰው ነው።

በአጥር የምንዋሰነው ከአቶ ማርቆስና ከባለቤታቸው ከእትዬ ሣራ ጋር ነበር። የሲዳማ ተወላጆች፣ ጴንጤዎች፣ ከሰው ጋር ተጣልተው የማያውቁ ጎረቤቶች። እርስ በርሳቸው ሲዳምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ይነጋገራሉ። እነሱ በእኛ ቋንቋ እስካናገሩን ድረስ የእነሱን መልመድ ለእኛ ምን ሊያደርግ! በአጥሩ ቀዳዳ ቡርሳሜ የሚሉት የቆጮ ምግባቸው በቅቤ ርሶ ሲመጣልን በልተን ሳህኑን ባዶውን አለመመለስን ብቻ ተምረን አደግን።

አንዲት ልጃቸውን ምሕረትን የዳሩ ዕለት አቶ ማርቆስ በሽታው ጠንቶባቸው መቆም አይችሉም ነበር። ሙሽሪትን ሊወስዱ ሲመጡ ደጅ መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ እትዬ ሣራ ጓሮ ከድስቱና ከእንግዳው ጋር ይታገላሉ። አባትየው ልጃቸውን ወደ ወንበራቸው ጠሩና አንበርክከው፣ አፋቸውን ጆሮዋ ላይ አድርገው መረቋት። ረጅም ምርቃት ነበር፤ በሲዳምኛ። እሷ እንደሆነ በለቅሶዋ ምኑንም አልሰማችው። ሳሚ ካሜራውን አስጠጋ፤ እኔ ዓይናቸውን እንዳይወጋ መብራቱን ዘንበል አደረግኩላቸው። ያንን ምርቃት በቅጡ የሰማነው ካሜራውና እኛ ሁለታችን ነበርን። እኛ ደግሞ ቋንቋው የለንም።

አቶ ማርቆስ ብዙ አልቆዩም፤ ሰርጉ ሳይረሳ ለቅሶው ተተካ። እትዬ ሣራ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ብቅ ማለት ጀመሩ። «ሳምሶኔ፣ ደረሰ ወይ? ድምፁን ልስማው ብዬ ነው። ያን ሁሉ ምን እንዳላት እንኳ አላውቅም» ይላሉ። «ደርሷል እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይላል ሳሚ። ያኔ ካሜራው በካሴት ነበር፤ ሰርጉ ወደ ኮምፒውተሩ ከተገለበጠ በኋላ እዚያው ካሴት ላይ የሚቀጥለው ሰርግ ይቀዳል። ማንም ሰርግ ቀራጭ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። የአቶ ማርቆስ ድምፅ ያለው እንግዲህ እዚያች ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሯ ደግሞ ዔሊ ነበረች። አንድ ሰርግ ተቀነባብሮ ሲዲ ላይ እስኪወጣ ቀኑን ሙሉ ሳይቋረጥ መሥራት አለባት፤ መብራት ደግሞ በፈረቃ ነው። ሊያልቅ ሲል ድርግም! እንደገና ከአንድ። ያን ክረምት የሐይቁ ነፋስ ቆርቆሮውን እያንኳኳ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞሮች ጣሪያ ላይ እንደ ቀብር አስፈጻሚ ቆመው፣ እኛ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ እናያለን። ከእትዬ ሣራ ለመሸሽ ሳሚ በጓሮ በር መውጣት ጀምሮ ነበር። ቸር ሰው ነው፤ እምቢ ማለትም መዋሸትም አይችልበትም።

በዚህ ጭንቅ መሃል ነው ኦቨርክሎክ የሚባል ነገር የሰማው። ያለህን ኮምፒውተር ሌላ ሳትገዛ ታፈጥነዋለህ። ከኢንተርኔት ቤት አሠራሩን በዲስኬት ገልብጦ አመጣና «አንብቢልኝ» አለኝ፤ እንግሊዝኛዬ ከእሱ ይሻል ነበር። ማፍጠኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ማስታወሻ፣ የሚሮጥበት ፍጥነት ሲሆን ቁጥሩ ሲበዛ ይሻላል። ሁለተኛው ካስ ይባላል፤ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ስጠኝ ሲለው ራሙ መልስ እስኪሰጥ ስንት ምት እንደሚያስጠብቅ ነው። ቀበሌ መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ስንት ጊዜ «ቆይ» እንደሚልህ ማለት ነው። ሳሚ ሁለቱንም ቁጥር ከፍ ከፍ አደረገና ኮምፒውተሯ ባሰባት። «ፍጥነት አይደል እንዴ? እንዴት ሲጨመር ይቀንሳል?» እያለ ከእኔ ጋር ተጨቃጨቀ። «ይኼኛው ፍጥነት አይደለም ወንድሜ፣ ማስጠበቅ ነው! ቆይታው ሲያንስ ነው የሚፈጥነው» አልኩት። ዞሮበት ሲገባው ግንባሩን መታ።

«እሺ፣ ካስ ሁለት ይሁን!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር። «ማን ነው የሚክሰው? ማንን በደላችሁ ደግሞ?» ብሎ ብድግ አለ። በእሱ አማርኛ ካስ ማለት የበደልከውን ሰው ካሳ ስጥ ማለት ነዋ! ሁለታችንም ወለሉ ላይ ወድቀን ሳቅን። «የኮምፒውተር ቃል ነው አባዬ» ብንለው «በደል ከሌለ ቃሉን አትጥሩት» አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ይቺን ንግግሩን የጎጃም ወግ አድርገን ለሳምንት ቀለድንባት።

በነጋታው መብራት ነበረና ኮምፒውተሯ ነፍስ የዘራች መሰለች። ሳሚ በደስታ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስዶ ዓሣ ጥብስ በዳጣ ጋበዘኝ። «ማታ መብራት ሳይሄድ እጃቸው ላይ ነው» ይላል፣ አጥንቱን እየመጠጠ። ተመልሰን ስንመጣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ ብሏል። አጠፋና አበራው። ኮምፒውተሯ ዲስኳ ላይ ስህተት እንዳገኘች ነገረችንና ሳትጠይቀን መጠገን ጀመረች።

አሁን ነገሩን ስለማውቀው ልናገር። ካሱ ሲያንስ ራሙ ለማስታወስ ጊዜ አጣ። የተጠየቀውን ሳያገኝ በጥድፊያ የመጣለትን ይመልሳል፤ ኮምፒውተሯ ያንን አምና፣ ደኅናውን ፋይል ተበላሽቷል ብላ በውሸቱ ታርመዋለች። እኛ ቁጭ ብለን «ጎሽ፣ እየጠገነችው ነው» እንላለን። ደቂቃ በደቂቃ አቶ ማርቆስን ዓይናችን እያየ ታጠፋቸው ነበር፤ አላወቅንም፤ ብናውቅም ምን እንደምናደርግ አናውቅም።

ሳሚ በኋላ ቁጥሮቹን ሁሉ ወደነበሩበት መለሰና የሰርጉን ፋይል ከፈተ። ምሕረት ተንበርክካለች። አባትየው ጎንበስ አሉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ምስሉ አረንጓዴ ካሬ ካሬ ሆነ፤ ድምፁ እንደ ሽሮ ተንተከተከና ቆመ። ደግመን ከፈትነው። ሠልሰን ከፈትነው። ሳሚ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ትከሻውን ይዤ ቆምኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አይቶናል። ሁሉንም ነገርኩት። ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ ካስ» አለው ወንድሜን።

እንደ ወጉ ሁለት ሽማግሌ ይዘን እትዬ ሣራ ቤት በፊት ለፊቱ በር ሄድን፤ በአጥሩ ቀዳዳ አይደለም። ሳሚ እግራቸው ላይ ወደቀ። እትዬ ሣራ ነገሩ እስኪገባቸው ከአንዳችን ወደ አንዳችን አዩ። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሳ ሲጀምሩ በእጃቸው አስቆሟቸው። «ተነሥ ልጄ፣ ለእኔው ስትጣደፍ ነው። ምኑን ትክሰኛለህ?» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ መብራት ይዘሽ አጠገቡ ነበርሽ። ምን አላት?»

አምላኬ! ፈተናም ላይ እንዲያ ጨንቆኝ አያውቅም። አቶ ማርቆስ መሃል ላይ ደጋግመው የሚሏት አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀርታለች። «ትርጉሙን አላውቅም እትዬ» ብዬ ድምፁን አወጣሁት። እትዬ ሣራ ፊታቸው በራ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ግንባራቸው ተቋጠረ። «እስቲ እንደገና፣ ረጋ ብለሽ።» እንደገና አልኩት። «'ቀስ በዪ' ማለቱ ነው መሰለኝ... አይ፣ ስሟን አቆላምጦ ነው... እስቲ ልጄ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» አሉ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው። በደገምኩት ቁጥር ቃሉ ከመጀመሪያው እየራቀ አፌ ላይ ሲበላሽ ይሰማኛል፤ ማቆም ግን አልቻልኩም፤ እሳቸውም በቃሽ አላሉኝም። መጨረሻ ላይ እጄን ለቀቁና «ይሁን» አሉ።

ሳሚ ካሜራውን ሸጦ ሌላ ሥራ ያዘ። እትዬ ሣራ እስኪያርፉ ድረስ ቡርሳሜው በቀዳዳው መምጣቱን አላቋረጠም፤ ለእኔ የከበደኝ እሱ ነው። ምነው ተቆጥተው ቢሆን እል ነበር።

ቅዳሜ ማታ ልጄ «ታዲያ ለምን አልነካትም?» ብሎ መጣ። «ለማስታወስ ጊዜ ስጠው» አልኩት፤ ሳቀና ሄደ። እኔ ዛሬ ሲዳምኛ እሰማለሁ። መምህርት ሆኜ ከልጆቹ ለመድኩት፤ ገበያ አልከራከርበትም እንጂ አያቅተኝም። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ሲያወሩ ከሰማሁ መውረጃዬን አሳልፌም ቢሆን አዳምጣለሁ። ያንን ድምፅ የሚመስል ቃል እስካሁን አላገኘሁም። ቃሉ ከቋንቋው ጠፍቶ አይደለም፤ እኔ ጋ ነው የተበላሸው።