አጎቴ የቆረጡት ጓርኒሲዮን

ቡታጅራ መኪና ይጠግኑ የነበሩት አጎቴ፣ አሮጌ ጓርኒሲዮን መልሰው ሲገጥሙ አይቼ አላውቅም። ሁለት ብረት ሲጋጠም መሃል ገብቶ ውሃና ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ያን ስስ ነገር፣ "አንዴ ከተጨፈለቀ አይታመንም" ይሉት ነበር።

አምና ክረምት ባለቤቴ ምጥ ጠናባት። አዲስ አበባ ሆስፒታል ላደርሳት ስነሳ የጭነት መኪናዬ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። አጎቴ ከቆመ መኪና ላይ ሌላ ፓምፕ ፈተው አመጡ። ጓርኒሲዮን የሚሸጠው ሱቅ ግን፣ ዕለቱ የጃንሆይ ልደት ስለነበር ተዘግቷል።

"ጋሼ፣ አሮጌውን ይመልሱት! ልትሞትብኝ ነው!" ብዬ ጮኽኩባቸው።

"ጭቃው መሃል ውሃው ቢያልቅ ማን ይደርስላታል?" አሉኝና ወደ ቤት ገቡ። የሟች ሚስታቸውን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርደው፣ ከጀርባው ያለውን ወፍራም ካርቶን አወጡ። ካርቶኑን በፓምፑ ልክ በመቀስ ቆርጠው ገጠሙት። ፎቶግራፉን የት እንደሚያኖሩት ግራ ገብቷቸው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

መኪናዋ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ አደረሰችን። ባለቤቴም በሰላም ተገላገለች። ስለጮኽኩባቸው ግን ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ከቀበርናቸው ሦስተኛ ወራችን ነው። በቡታጅራ ሳልፍ ዛሬም በራቸው ላይ ክላክስ አደርጋለሁ፤ ለምዶብኝ። የሚወጣ የለም። ሞተሩን ሳላጠፋ ጥቂት እጠብቃለሁ። ድሮ ጆሯቸውን ወደ ኮፈኖው አስጠግተው ካዳመጡ በኋላ "ደህና ነው፣ ሂድ" ይሉኝ ነበር።

አሁን ማንም ሂድ ሳይለኝ እሄዳለሁ።