ለሲኞራ ኢልዳ እግር የሚሆን ባሕር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ፓውላ የእናቷን የመድኃኒት መሳቢያና የጋዙን መዝጊያ አሳይታኝ ወደ ቢሮዋ ከነፈች። እናትየው ሲኞራ ኢልዳ ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። «ቤቱን በኋላ ታዪዋለሽ፤ አሁን እንውጣ» አሉኝ። የሚኖሩት ሮም ውስጥ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ፣ ከገበያው ብዙም የማይርቅ ቤት ውስጥ ነው። ደረጃው ላይ እንዳይወድቁብኝ ፈርቼ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ቆም አሉና እጄን ከላያቸው አነሱት። «እኔ አንቺን ልያዝ እንጂ አንቺ እኔን አትያዢኝ። ሌባ አይደለሁም» አሉ።

ሙያዬ የተጀመረው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። እዚህ አገር ባዳንቴ ይሉናል፤ አረጋውያንን የምንጠብቅ ማለት ነው። ከባዳንቴም በሰዓት የምትሠራ አለች፤ እዚያው የምታድረው ደግሞ ፊሳ ትባላለች። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ፊሳ ነበርኩ። አዲስ የሚገቡ ልጆች ምግብ ማብሰሉን ከማንም ይማሩታል፤ እኔ የምነግራቸው አካሄድ ነው። በደካማው እግር በኩል ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ትቆሚያለሽ። ክርንሽን ታጥፊያለሽ፤ እሳቸው ይይዙታል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው። አንቺ ምንጊዜም ከታች በኩል ነሽ።

ሮም በነሐሴ አትቻልም። አቅም ያለው ሁሉ ወደ ባሕር ይሸሻል። እኛም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በባቡር ኦስቲያ እንሄድ ነበር። ሲኞራ ግን ኦስቲያን አይወዱም። «ኦስቲያ ማለት ልብሷን ያወለቀች ሮም ናት» ይላሉ። በኋላ ጉልበታቸው እየከፋ ሲመጣ አሸዋው ራሱ ጠላት ሆነባቸው፤ ከባቡሩ እስከ ውኃው ያለው መንገድም ረዘመ።

አንድ ዓመት ፓውላ ሌላ ከተማ እንፈልግ አለች። ከፈረንሳይ ኒስን አነሳች፣ ከስፔን ካዲስን አነሳች፣ ሥዕላቸውንም በስልኳ አሳየችን። ሲኞራ በአውሮፕላን አልሳፈርም ብለው ሁለቱንም በአንድ ቃል ዘጉ። ፓውላ ሲመርራት ወደ እኔ ዞረች። «ዘውዲቱ፣ እማማን የምታራምጃቸው አንቺ ነሽ። አንቺ ምረጪ» አለች። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። በዚያ ቤት ከሾርባና ከመድኃኒት ሌላ ነገር ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። በዕረፍት ቀኔ በባቡርም በአውቶቡስም እየሄድኩ ከተማ ማየት ጀመርኩ። የባሕሩን ውበት አላየሁም፤ ባሕር ሁሉ ባሕር ነው። የማየው መሬቱን ነው። ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈበት ሰፈር የዱላ ጫፍ ይውጣል። መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ለአረጋዊ ወንበር አይባልም። ከሰዓት በኋላ ጥላው በየት በኩል ይወድቃል፣ ሳያኮርፍ ሽንት ቤት የሚያስገባ ቡና ቤት አለ ወይ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ፋርማቺያው፣ መንገድ ያሻግራል ወይ፣ እስከ ውኃው ድረስ አሸዋው ላይ የሳንቃ መንገድ ተነጥፏል ወይ፤ ይህንን ሁሉ በእግሬ እየሄድኩ፣ አንዳንዴም ሆን ብዬ እያነከስኩ አየሁ። ሰው እብድ ቢለኝ አልፈርድበትም።

በመጨረሻ ተራራውን ተሻግሬ በወዲያኛው ባሕር በኩል ሳን ቤኔዴቶ ደረስኩ። መንገዱ እንደ መዳፍ ሜዳ ነው፤ ዘንባባው ከዳር እስከ ዳር፣ አግዳሚው በየቦታው። እንደተመለስኩ እዚያው ሮም ፒኜቶ ሰፈር ለምትኖረው ጓደኛዬ ለአልማዝ በደስታ ነገርኳት። እሷም እንደኔው ባዳንቴ ናት፤ አፏ ግን ከእኔ ይብሳል።

«አሎራ፣ ታዲያ ባሕር ነው የመረጥሽው ወይስ ኮሪደር?» አለችኝ።

«ፋርማቺያው ቅርብ፣ የባሕሩ ዳር ስፒያጃ ቅርብ። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«እኔ ምን አገባኝ። እሳቸውስ ምን አሉ?»

«እግራቸው ተናግሯል» አልኳት፤ ተሳሳቅን።

ሲኞራ ኢልዳ ሊዲያ የምትባል አብሮ አደግ ነበረቻቸው። ሊዲያ ከሮም በስተደቡብ ስፔርሎንጋ ነው የምትኖረው። ከባሕሩ በላይ አለት ላይ የተሠራ ነጭ ከተማ ነው፤ ደረጃ በደረጃ። ቤቷ ከደረጃዎቹ ሁሉ ላይኛው ጫፍ ነው። ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ ወርዳ አታውቅም። እሑድ እሑድ በስልክ ያወራሉ፣ እንደ ልጃገረድ ይጣላሉ፣ በሚቀጥለው እሑድ ይታረቃሉ። የታችኛዋ መውጣት አቃታት፣ የላይኛዋ መውረድ አቃታት።

ስለ ሳን ቤኔዴቶ የነገርኳቸው ምሳ ላይ ነው፤ ፓውላም ነበረች። እንደ ልማዳቸው ሾርባውን «በቃኝ» ብለው ገፉት። እኔም እንደ ልማዴ «በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ» አልኩ። በመጀመሪያው ዓመት በዚህ ልመናዬ ይናደዱ ነበር። ቆይቶ ለመዱት፤ ከዚያም ወደዱት። ሳህኑን ይገፉና በዓይናቸው ጠርዝ ያዩኛል፣ እንድለምናቸው። ሁለቴ፣ ሦስቴ ለምኜ ነው የሚጎርሱት። እኛ አገር ያደገ ሰው ይህንን ጠባይ ያውቀዋል፤ የእንግዳ የመጀመሪያ እምቢታ እምቢታ አይደለም። እሳቸው ፈረንጅ ሆነው ከእኔ ተማሩት።

ከተማውን ገልጬ ስጨርስ «ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ሊዲያ ዘንድሮም በረንዳዋ ላይ ብቻዬን ነኝ አለችኝ» አሉ።

«እንግዲያው ስፔርሎንጋ እንሂዳ፣ ሲኞራ። ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ያወጡዎታል» አልኳቸው።

«ተይው። እንደ ቁም ሣጥን ሊሸከሙኝ?»

ፓውላ «እማማ ልክ ናቸው፤ ቢወድቁስ» አለች። እኔም ቫ ቤኔ፣ እሺ ብዬ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ። ወንበራቸው ላይ ትንሽ እንደቆዩ ትዝ ይለኛል።

ሳን ቤኔዴቶ ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ሆነ። ጠዋትና ማታ በእግራቸው ሄዱ፣ በሳንቃው መንገድ እስከ ውኃው ደርሰው እግራቸውን ነከሩ። ፍልሰታን እዚያው ጾምኩ። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሥጋውንም ወተቱንም ስመልስ እያየች፣ ታማለች ብላ ሐኪም ልትጠራብኝ ነበር። ፓውላ ስትደውል «ክንፍ አውጥተዋል» እላታለሁ። እውነትም ነበር።

አንድ እሑድ እንደ ወትሮው ሊዲያ ጋ ደወሉ። ያነሳው የወንድሟ ልጅ ነው። ሊዲያ በእንቅልፏ ሞታለች። ቀብሩ በማግስቱ ነው። ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ባሕር አገር ማቋረጥ ነው፤ በእሳቸው ጉልበት የሚደረስበት አልነበረም።

ስልኩን አስቀምጠው ዱላቸውን ጠየቁኝ። በዚያ ሜዳ መንገድ አንድም አግዳሚ ላይ ሳያርፉ እስከ ወደቡ ድረስ ሄዱ። ጎናቸው ሆኜ ተከተልኩ። ወደቡ ጋ ሲደርሱ ተቀመጡ። እንባ አላየሁባቸውም።

«ለአንድ ማንኪያ ሾርባ ሦስት ጊዜ ትለምኚኛለሽ» አሉኝ። «ለሊዲያ አንዴ ብቻ ጠየቅሽኝ።»

«እምቢ አሉኝ እኮ፣ ሲኞራ።»

«ሾርባውንም እምቢ እላለሁ» አሉ።

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ ለዚህ ነው የባሰብኝ። ልቤ ተሰበረ። ትንሽ አረፍ ብለው ክርኔን ያዙና ተመለስን።

ከዚያ ወዲያ ባሕር አልሄድንም። ፓውላ በየዓመቱ ታነሳዋለች፤ እሳቸው ሮም ይሻለኛል ይላሉ። እኔም እንደ ድሮው ለመንኳቸው፤ ደጋግሜ፣ በሞቴም እያልኩ። ያን ጊዜ እምቢታቸው የምር እምቢታ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ነሐሴን መስኮት ዘግተን፣ ፋን ከፍተን አሳለፍነው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የነሐሴ ከተማ ምረጪልን ብለው የሚደውሉልኝ ግን አሉ፤ ልጆቹም ባዳንቴዎቹም። ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ አግዳሚው፣ ስለ ጥላው የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስልኩን ለአረጋዊቷ ስጡልኝ እላለሁ። የት ማን እንዳላቸው እሳቸውን ራሳቸውን እጠይቃለሁ። የሚያገኙት ሰው ካለ ጉዞው ወደዚያ ሰው ነው። ደረጃ ካለው ተሸካሚ ይፈለጋል፤ ተሸካሚ ይገኛል።